ቢትማፑን ከከርነሌ ያወጣሁበት ሳምንት

ለመማሪያ ብዬ በሲ ቋንቋ የምጽፈው ባለ 32 ቢት ከርነል (ሃርድዌሩንና ማህደረ ትውስታውን የሚያስተዳድር የስርዓተ ክወና እምብርት) እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሁለት የማህደረ ትውስታ አከፋፋዮች ነበሩት። መጀመሪያ የሠራሁት ቢትማፕ ነው፤ ገጽ ከሚባሉት እኩል የማህደረ ትውስታ ቁራጮች የትኛው እንደተያዘ፣ የትኛው ነጻ እንደሆነ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ። 128 ሜጋባይት በ4 ኪሎባይት ገጾች ሲከፋፈል 32,768 ገጽ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ቢት ሲያዝ ሠንጠረዡ ልክ 4,096 ባይት ይወስዳል። በኋላ ማህደረ ትውስታን ለሁለት ለሁለት እኩል እየከፈለ በሚያድለው በበዲ ዘዴ ስተካው አሮጌውን አልነቀልኩትም፤ ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ባለፈው ወር ግን አንዱን ፈንክሽን ሳስተካክል ካመሸሁ በኋላ ማንም የማይጠራው መሰለኝ። ያኔ ለማጥፋት ቆረጥኩ።

የሊኑክስ ታሪክም አበረታቶኛል። እዚያ ስላብ፣ ስሎብና ስለብ የሚባሉ ሦስት አከፋፋዮች ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ስሎብ እ.ኤ.አ. በ2023 በስሪት 6.4፣ ስላብ በ2024 በስሪት 6.8 ተወግደው ስለብ ብቻ ቀረ።

ፈንክሽኖቹን በስም ስፈልግ ከራሱ ከቢትማፑ ፋይል ውጭ ምንም አላገኘሁም። ይህ ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። አንዱ ጥሪ በማክሮ (ኮዱ ከመጠናቀሩ በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ አጭር ስም) ውስጥ ስሙ ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ የሚሠራ ስለነበር ፍለጋው አላየውም፤ ያጋለጠው የተጠናቀሩትን ፋይሎች አንድ ላይ የሚያገጣጥመው ሊንከር ነው። ጥሪው የሚመጣው በዲው ገና ሳይዘጋጅ ገጽ ከሚፈልገው የመነሻ ኮድ ነበር። በእሱ ፋንታ ወደ ፊት ብቻ የሚገፋ አንድ ጠቋሚ አስቀመጥኩ፤ ለዚያች አጭር ጊዜ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ከዚያ ሠንጠረዡንና ቆጣሪዎቹን አጠፋሁ። ኮዱ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ተጠናቀረ፤ ማሽኑ ግን ኮምፒውተርን በሚያስመስለው በኪው ኢሙ ፕሮግራም ላይ ሲነሳ ወዲያው ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ሁለት ምሽት በዲውን ስመረምር አለፈ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ነገር በየትኛው አድራሻ እንዳረፈ የሚያሳየውን የሊንከሩን ካርታ ከፍቼ የበፊቱን ከአሁኑ ጋር አስተያየሁ። ፕሮሰሰሩ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚያገኝበት ሠንጠረዥ፣ ማለትም የገጽ ማውጫው፣ አድራሻ በሄክሳዴሲማል ሲጻፍ መጨረሻው 000 ነበር፤ አሁን ኤፍኢ0 ሆኗል።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ፕሮሰሰሩ የማውጫውን አድራሻ በሚይዝበት ሲአር3 በሚባል መዝገቡ ውስጥ ካስቀመጥንለት ቁጥር የታችኞቹን 12 ቢቶች እንደ አድራሻ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ማውጫው ካለበት ቦታ 4,064 ባይት (ኤፍኢ0 በአስርዮሽ ይህ ነው) ወደ ኋላ ተመልሶ የማይገናኝ ነገር እንደ ገጽ ማውጫ ያነብ ነበር። ማውጫው በ4,096 እንዲሰለፍ ከመጀመሪያውም አላዘዝኩም፤ ከፊቱ የነበሩት ሠንጠረዥና ቆጣሪዎች መጠናቸው ተደምሮ በአጋጣሚ ትክክለኛው ቦታ ላይ አሳርፎት ቆይቷል። ማንም የማይጠራው ኮድ በቁመቱ ብቻ ሌላውን ደግፎ መቆሙን በዓይኔ ሳይ በጣም ተደነቅሁ።

መፍትሔው የአሰላለፍ ትእዛዝ ያለባት አንዲት መስመር ናት። አድራሻው በ4,096 ካልተካፈለ የገጽ አሠራሩ ከመጀመሩ በፊት ከርነሉን የሚያቆም ፍተሻም ጨመርኩ። ኮሚቶቹንም (በኮዱ ታሪክ ውስጥ የሚመዘገቡትን ለውጦች) በቅደም ተከተል ለያየኋቸው፦ መጀመሪያ አሰላለፉ፣ ቀጥሎ የመነሻው ጠቋሚ፣ በመጨረሻ መሰረዙ። እንዲህ ሲሆን በየመካከሉ ያለው ስሪት ሁሉ ይነሳል፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ አስነስቼ አረጋግጫለሁ።