አረፋው ከጠፋ በኋላ

በጓሮዬ ኩሬ ያሉት ቆሮሶ ዓሣዎች ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲስቡ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መኖውን ነበር። ውኃ የሚያስገባውን ቦይ ተከትዬ ሽቅብ ስወጣ ግን ልብስ በሚታጠብበት ድንጋይ ሥር አረፋ ተጠራቅሞ አገኘሁ።

ሳሙና ቅባትን ከልብስ የሚያላቅቅበት ባሕርይ ዓሣንም የሚጎዳበት ባሕርይ ነው። ስንጥብ እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ኦክስጅን የሚስብ አካል በመሆኑ፣ የማጠቢያው ንጥረ ነገር ሲነካው ሽፋኑ ያብጣል፣ ከሥሩም ይላቀቃል፤ ዓሣው ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ደግሞ መተንፈሻውን ይብሱን ይደፍነዋል። አምባዛ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ጥቂት ይታገሣል።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 15 በመቶው አጣቢ ንጥረ ነገር የሆነ 30 ግራም ዱቄት ሳሙና፣ 100 ሜትር ኩብ በሚይዘው ኩሬዬ ቢበተን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም እንኳ ስለማይሞላ ዓሣ አይገድልም። ያው ዱቄት በቦዩ ውስጥ በ1 ሜትር ኩብ ውኃ ብቻ ተበጥብጦ ሲደርስ ግን በሊትር 4.5 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ለብዙ ዓሣዎች አደገኛ ከሚባለው መጠን ይገባል። የዓሣ ጫጩቶቹ ደግሞ የሚሰበሰቡት እዚያው ውኃው በሚገባበት አፍ ላይ ነው።

የንጋቱ ማለክለክ ሌላም ምክንያት አለው። ፎስፌት (ፎስፎረስ የያዘ ንጥረ ነገር) ያለበት ሳሙና አልጌን ይመግባል፤ አልጌውም ቀን የሠራውን ኦክስጅን ሌሊት መልሶ ስለሚጠቀምበት ጎሕ ሲቀድ ውኃው ይራቆታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አልጌው የውኃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከዓሣዎቹና ከመኖ ትርፍራፊ የሚወጣው አሞኒያ መርዝነቱ ይበረታል።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት «በእንዶድ ብናጥብስ ልጄ?» አሉኝ። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ ነገር ግን ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያዩት በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ነበር፤ እንዶድ ለዓሣም አይራራም። ስለዚህ ሳሙናውን ከመቀየር ይልቅ ድንጋዩን ከቦዩ አራቅነው፤ እጣቢው አሁን አየር በሚያገኝ አፈር ላይ ይፈስሳል፤ በዚያ ረቂቅ ሕዋሳት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያፈራርሱታል።

አረፋው በማግስቱ ጠፋ። ዓሣዎቹ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ንጋት ላይ ይወጣሉ፤ በኩሬው ጭቃ የተከማቸው ፎስፎረስ ገና አልጌውን እየመገበ ነው።