የጣሊያን ምሳር

የምሠራው ዳንግላ ብየዳ ቤት ነው። በርና መስኮት እንጂ ምሳር የእኛ ሥራ አይደለም። ሆቴል ሊከፍት ያሰበ አንድ ሰውዬ ግን ዛቢያ የሌለው የዛገ ምሳር በማዳበሪያ ጠቅልሎ መጣ። «አያቴ ከጣሊያን የማረኩት ነው፤ አጽዱልኝና ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አለ።

አለቃችን ገና ሳያገላብጠው «አዎ፣ ጣሊያን ነው፤ ብረቱ ያስታውቃል» አለ። ግራይንደሩን ሲያነሳ እንዲተወው ለመንኩት። ምሳሩን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ስፈትገው ዝገቱ ለቀቀና ጎኑ ላይ ማህተም ወጣ። ዘውድ፣ ከዘውዱ የወጣ ክንድ፣ ክንዱ የጨበጠው መዶሻ። «ለጂቲመስ» የሚል የላቲን ጽሑፍም አለበት። ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ የኮሊንስ ምልክት ነው። አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1826 ተጀምሮ በ1966 የተዘጋ የመጥረቢያና የገጀራ ፋብሪካ።

ለአለቃችን ነገርኩት።

«አሜሪካ ደግሞ ዳንግላ ምን ልትቆርጥ መጣች?»

«ንግድ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስማ፣ ሰውዬው የሚከፍለን ጣሊያን ብሎ ነው። አሜሪካ ካልከው ከገበያ የተገዛ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። አያቱን የት ልታደርጋቸው ነው?»

እኔ ስለ ብረት ሳወራ እሱ ስለ ሰውዬው አያት ተጨንቋል! አላስቻለኝም፣ ሰውዬው ሲመጣ ማህተሙን አሳየሁት። አየት አደረገና «ታዲያ ጣሊያኑ ከአሜሪካ ገዝቶት ቢሆንስ?» አለኝ። ምን ይባላል? ሊሆን ይችላላ።

ምሳ በልቼ ስመለስ አለቃችን ስለቱን በግራይንደር ጨርሶታል። ጫፉ ከግለቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። ስለት እንዲህ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም፣ ያለውም አላወቀውም። «ለግድግዳ ጌጥ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ለግድግዳ ይበቃል።

ሰውዬው ግን የወይራ ዛቢያ አስገባለት፤ ዛቢያ ያለው ምሳር ደግሞ መቼ ተሰቅሎ ይቀራል? የሆቴሉ ዘበኛ ግንድ ፈለጠበትና ስለቱ ታጠፈ። ሰውዬው እየተቆጣ ይዞት መጣ።

ነጠቅ አድርጌው ገበያ ዳር ወዳሉት ሽማግሌ ቀጥቃጭ ሮጥኩ። ዕቃው ደህና ሳለ ሰላም የማይላቸው ሁሉ ሲሰበርበት ደጃቸውን ያውቀዋል። ወናፉን ነፍተው ስለቱን አቀሉት፣ ቀጥቅጠው አቃኑት፣ እንደገና አግለው ውሃ አጠጡት። ጫፉን በድንጋይ ፈተግ አደረጉና ከፍሙ በላይ ቀስ እያሉ አሞቁት፤ የገለባ መልክ ሲይዝ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ዓይናቸው ከብረቱ ላይ አልተነቀለም። ሲጨርሱ «ይሄን ማነው የገደለው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አለቃን ማማት ነውር ነው፤ አሁን እያማሁት ነው እንጂ።

ስመለስ ሁለቱ ቡና ይዘው ይሳሳቃሉ። ለካ አለቃችን «የጣሊያን ብረት ድሮም ልፍስፍስ ነው፤ ባይሆንማ አያትህ መች ይማርኩት ነበር?» ብሎት ነው። ሰውዬው ደስ ብሎት የጥገናውን ከፈለ፣ ለአለቃችን። እኔ ለቀጥቃጩ ከኪሴ ያወጣሁት ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም።