ነጎድጓዶቹ

ስለ ልዩ ኃይል ሲወራ ሁሉም የአሜሪካኖቹንና የእንግሊዞቹን ስም ነው የሚጠራው። እኔ ግን ልቤ ያለው ፖላንዶቹ ጋ ነው።

ግሮም ይባላሉ፣ ነጎድጓድ ማለት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ያቋቋማቸው የፖላንዱ የጦር መኮንን ስላቮሚር ፔቴሊትስኪ ነው። በጣም የምወድላቸው ውርሳቸውን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከብሪታንያ ተነስተው፣ ናዚ በያዛት አገራቸው ላይ በሌሊት በፓራሹት የወረዱትን የ316ቱን «ቺሆቼምኒ» ስም ተሸክመዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ጋር የባሕር ላይ የነዳጅ መጫኛዎችን ያዙ።

መሣሪያቸውስ? ጀርመን ሠራሹ ኤችኬ 416 ጠመንጃ አለ። ጥይቱ ሲተኮስ የሚወጣው ጋዝ ወደ መሣሪያው ሆድ ስለማይገባ ጥላሸትና ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። የፖላንድ ልዩ ኃይሎች በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተረከቧቸው ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ እዚያው ፖላንድ፣ ሚዬሌትስ ከተማ የተገጣጠሙ ናቸው።