ስሙን እስከ ጭራው

"ልጄ፣ የላክሽልኝ ፋይል አልከፈት አለኝ" ብለው አንድ ደንበኛችን ደወሉ። ኅዳር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ምንም አልላክሁላቸውም። የእሳቸውን ስልክ እንደዘጋሁ ሌላ ሰው ደወለ፤ ያው ጥያቄ። ኢሜይሌን ከፍቼ ሳይ ደነገጥኩ። ከወራት በፊት ከደንበኞች ጋር በተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች ላይ "መልስ" ሆኖ የሄደ አታችመንት ሞልቷል። ላኪዋ እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ፕሮፎርማ ተብሎ ዚፕ ፋይል መጣልኝ። ፓስወርድ አለው፤ ፓስወርዱም እዚያው ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። "ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው" አልኩ፣ ጉድ እኮ ነው! በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ማንጠልጠል ማለት ነው። የታሸገው ከሌባ ለመጠበቅ አይደለም፤ ፓስወርድ ያለው ዚፕ ውስጥ ያለውን የኢሜይሉ ፈታሽ ከፍቶ ማየት ስለማይችል ነው። ከፈትኩት። የፒዲኤፍ ምልክት ያለው ፋይል ወጣ። ሁለቴ ክሊክ፣ ምንም። እንደገና ክሊክ፣ አሁንም ምንም። ተበላሽቶ ነው ብዬ ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቫይረስ ማለት ለእኔ የፍላሽ በሽታ ነበር፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስድስት ወራት የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍለው።

ኮምፒውተሮቻችንን የሚጠግንልን ልጅ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስሙን እስከ መጨረሻው አይተሽው ነበር?" ብሎ ነው። አላየሁትም፤ ማየትም አልችልም ነበር። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን የፋይል ቅጥያዎች፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ሆነው የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን ፊደላት፣ ከመነሻው ይደብቃል። ልጁ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ "ቪው"፣ ቀጥሎ "ሾው"፣ ከዚያ "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚለውን አበራው። ዊንዶውስ 10 ላይ እዚያው "ቪው" ውስጥ ይገኛል። "ፕሮፎርማ ነጥብ ፒዲኤፍ" ያልኩት ፋይል ዓይኔ እያየ ጭራ አወጣ፦ ነጥብ ኢኤክስኢ። ሰነድ ሳይሆን፣ ክሊክ ሲደረግ ሥራውን የሚጀምር ፕሮግራም ነው። የፒዲኤፉ ምልክትማ ሥዕል ነው፤ ፕሮግራም የሠራ ሰው የፈለገውን ምልክት ይለጥፍበታል።

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ይኸው ተንኮል የድሮ ሆኖ አገኘሁት። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 4 ቀን 2000፣ ከማኒላ የተነሳው "አይ ላቭ ዩ" የተባለው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነው የዞረው። ስሙ "ነጥብ ቲኤክስቲ ነጥብ ቪቢኤስ" ብሎ ያልቃል፤ የፊተኛው የተራ ጽሑፍ፣ የኋለኛው የፕሮግራም ቅጥያ ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ይደብቅና ሰዉ ተራ ጽሑፍ መሰለው። የከፈተው ሰው ፎቶዎቹ ይጠፋሉ፤ ደብዳቤው ደግሞ በአውትሉክ አድራሻ ደብተሩ ላሉት ሁሉ ይላካል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የመጣው "ሜሊሳ" ለመጀመሪያዎቹ 50 አድራሻዎች ብቻ ነበር የሚልከው፣ እሱ ይሻላል እንዳልል! በድሮ ደብዳቤ ላይ መልስ እየሆነ መሄድን ደግሞ "ኢሞቴት" የተባለው ቫይረስ ተክኖበታል። በ2021 ጃንዋሪ የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው ሰርቨሮቹን ያዙበት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተመልሶ መጣ።

በሁለተኛው ወር ያስቸገረኝ ኤክሴል ነው። የደመወዝ ፋይላችን ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስላለው ከላይ የሚመጣውን ቢጫ የማስጠንቀቂያ መስመር ባየሁ ቁጥር "ኢነብል ኮንቴንት" መጫን ለምዶብኛል። እጄ ከእኔ ይቀድማል። አጥቂዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ "ሰነዱን ለማየት ቢጫው ላይ ይጫኑ" የሚል ሥዕል ሰነዱ ውስጥ ያስገባሉ። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ማክሮን በቀይ መስመር መዝጋት ጀምሯል። የእኛ ቢሮ ግን የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራሙ የቆየ ነው። ስለዚህ የደመወዙን ፋይል ራሴ ያለ ማክሮ እንደገና ሠራሁት። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። አሁን ቢጫ መስመር ካየሁ እዘጋዋለሁ፣ አለቀ።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝ። "አንቲቫይረሴ የት ሄዶ ነው?" እያልኩ ስነጫነጭ ከርሜ፣ አንድ ቀን በ"አይካር" ልፈትነው ብዬ ተነሳሁ። አይካር ምንም የማይጎዳ 68 ፊደል ያለው የሙከራ ጽሑፍ ነው፤ ማንኛውም አንቲቫይረስ ሲያየው መጮኽ አለበት። ሴቭ አደረግሁት። ዝም። ዲፌንደር የሚባለውን የዊንዶውሱን አንቲቫይረስ ከፍቼ "ኤክስክሉዥንስ" የሚለው ውስጥ ስገባ ሲ ድራይቭ ሙሉው አትፈትሽ ተብሎ ተመዝግቧል። ከሁለት ዓመት በፊት ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም ስጭን መመሪያው እንዲህ አድርጊ ብሎኝ፣ በገዛ እጄ ያደረግሁት ነው። ዘበኛውን አስተኝቼ ሌባ ገባ እያልኩ ኖሬያለሁ። ያንን ምዝገባ ሰርዤ አይካሩን እንደገና ሴቭ ሳደርግ አንቲቫይረሱ ወዲያው ጮኸ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሌላውን ባጭሩ ልበል። የኢሜይሌን ፓስወርድ የቀየርኩት ከስልኬ ነው፤ ከተበከለው ኮምፒውተር ብቀይረው አዲሱንም ይወስደው ነበር። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራሁ። የዕለት ሥራዬን አድሚን ባልሆነ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን በሌለው አካውንት እሠራለሁ። ይህ ግን የራሴን ሰነዶች አያድንም፤ እኔ የምከፍተውን ፋይል በእኔ አካውንት የገባ ቫይረስም ይከፍተዋል። ለዚያ አርብ አርብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ባክአፕ አደርግና እነቅለዋለሁ። ተሰክቶ ከዋለ እሱም አብሮ ይበከላል። የተጠረጠረ ፋይል ቫይረስ ቶታል የተባለው፣ ፋይልን በብዙ አንቲቫይረስ የሚፈትሽ ድረ ገጽ ላይ መጫን ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ የተጫነን ፋይል ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ። እኔ የደንበኛ ውል ከጫንኩ በኋላ ነው ይህን ያወቅሁት።

ያልተሳካልኝም አለ። ስልክ ላይ ረጅም የፋይል ስም መሀሉ ይቆረጣል፤ ስለዚህ አታችመንት በስልክ መክፈት ትቻለሁ፣ አንዳንዴ ሥራ ይጓተትብኛል። የቢሮ ጓደኞቼም ቅጥያውን አብሩት ስላቸው "አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ይሉኛል።

ያልጠበቅሁት ፋይል ሲመጣ ግን እደውላለሁ። ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ ስልኬ ውስጥ ወዳለው። ኅዳር ላይ መጀመሪያ የደወሉልኝ ደንበኛ ባለፈው ሳምንት የጨረታ ሰነድ ላኩ። ደወልኩላቸው። ሳቁና "አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ክፈቺው" አሉኝ። እሳቸውም ከኅዳር ወዲህ ለምደውታል። ለትንሣኤ የላክሁላቸውን የመልካም በዓል ካርድ እንኳ ደውለው "ልጄ፣ ያንቺው ነው?" ሳይሉ አልከፈቱትም።