ጾሙ የከፈለው በዓል፦ የአንድ ዓመት የዕዳ መዝገባችን

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ እንግዶቻችን ከሄዱና ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማችን ውስጥ የሦስት ክሬዲት ካርዶችን ወርሃዊ መግለጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ደመርናቸው። ድምሩ 12,400 ዶላር ሆነ። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን የየራሳችንን ካርድ እናውቅ ነበር እንጂ ድምሩን አናውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ላለማወቅ ሳንነጋገር የተስማማን ይመስለኛል። በዚያው ሌሊት ከልጄ የትምህርት ቤት ደብተሮች አንዱን ወስጄ መመዝገብ ጀመርኩ። አሁን ዓመት ስለሞላው፣ እንደ እኛ ዕዳ እየከፈሉ በዓል ለሚውሉ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት ከደብተሩ ዋና ዋናውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ካርድ 6,200 ዶላር በ27.99 በመቶ፣ ሁለተኛው 4,850 ዶላር በ23.24 በመቶ፣ ሦስተኛው ማለትም ሶፋ ስንገዛ የተሰጠን የሱቅ ካርድ 1,350 ዶላር በ29.99 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ነበረባቸው። ወለዱ በየቀኑ የሚታሰብ በመሆኑ ተኝተንም ተነሥተንም በቀን 9 ዶላር ገደማ፣ በወር ደግሞ 272 ዶላር ገደማ ይጨመርብን ነበር። ባንኮቹ የሚጠይቁት ዝቅተኛ ክፍያ ለሦስቱም ተደምሮ 396 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ከፍለን ከዋናው ዕዳ የሚቀነስልን 124 ዶላር ብቻ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ፣ ዝቅተኛውን ብቻ ብንከፍል ዕዳው መቼ እንደሚያልቅ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በየወሩ ስንት መክፈል እንደሚገባን በየመግለጫው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ይህ የተጻፈበት ሣጥን በየወሩ በእጃችን ሲያልፍ አንድም ቀን አንብበነው አናውቅም ነበር።

ዕዳው ከየት እንደመጣ ለማወቅ የድሮ መግለጫዎችን ይዤ በበዓላት ሰሞን የወጣውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። የ2016 ፋሲካ ብቻውን 1,310 ዶላር ወስዶ ነበር፦ ለብቻችን የገዛነው በግ 380፣ የልጆች አዲስ የሀበሻ ልብስ 260፣ ከምግብ ቤት ያዘዝነው ተጨማሪ ምግብ 240፣ መጠጥ 210፣ ስጦታ 145፣ ዶሮ ወጡ ደግሞ ከነቅቤው ከነእንቁላሉ 75 ዶላር። ይህን ዝርዝር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፋሲካን ፋሲካ የሚያደርገው ነገር ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ነበር፤ የተቀረውን በአብዛኛው የገዛነው ለይሉኝታ ነው። ያ ሁሉ ትርፍ ምግብ የታዘዘው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት እንግዳ «ዘንድሮ ቀዝቀዝ ብላችኋል» ስላለችን መሆኑን ባለቤቴ ሲያስታውሰኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ስለ አከፋፈሉ በአጭሩ ልናገር። ባለቤቴ የቅዳሜ ፈረቃ ጨመረ፣ እኔ ምሳዬን ከቤት መያዝ ጀመርኩ፣ የማንመለከታቸውን የቴሌቪዥን አገልግሎቶች አቋረጥን፤ በዚህም በወር 900 ዶላር ለካርዶቹ መደብን። ለሁለቱ ዝቅተኛውን እየከፈልን የተረፈውን ሁሉ ወለዱ ከፍተኛ በሆነው ላይ አዋልነው። ከትንሹ ዕዳ ይጀመር ወይስ ወለዱ ከከበደው የሚለው ክርክር እኛን አላስቸገረንም፤ የሱቁ ካርድ በሁለቱም መለኪያ ቀዳሚ ነበርና። ከባዱ ነገር ሌላ ነበር፦ ካለፈው ወር የተሻገረ ዕዳ ባለበት ካርድ ላይ አዲስ ዕቃ ሲገዛ፣ ያ ዕቃ እንደወትሮው እስከ መክፈያው ቀን ከወለድ ነጻ ሆኖ አይቆይም፤ ወለዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ለበዓል የሚገዛ ማንኛውም ነገር፣ ሽንኩርትም ቢሆን፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዴቢት ካርድ እንዲሆን ወሰንን። ውሳኔው ቀላል ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን የበዓሉ ገንዘብ ከበዓሉ በፊት መገኘት አለበት ማለት ነው።

የሱቁ ካርድ በታኅሣሥ አጋማሽ ተዘጋ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ በሚቀጥለው ወር ጥቂት ዶላር ዕዳ እንዳለብን የሚገልጽ ወረቀት መጣ፤ መግለጫው ከወጣበት ቀን አንሥቶ ክፍያችን እስከ ደረሰበት ቀን የተጠራቀመ ወለድ ነው። «ዘጋሁት» ብላችሁ ካርዱን የምትረሱ ካላችሁ፣ ቀጣዩን መግለጫ ሳታዩ አትርሱት፤ በጥቂት ዶላር ምክንያት የዘገየ ክፍያ ቅጣት ይመጣል።

የገና ነገር እዚህ አገር ላለን ወላጆች የተለየ ፈተና አለው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ጓደኞቻቸው ዲሴምበር 25 ያገኙትን ይዘረዝራሉ፤ የእኛ ልደት የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው፤ በመሆኑም ለዓመታት ሁለቱንም ስንገዛ ኖረናል። በ2017 ግን ስጦታ በታኅሣሥ 29 ብቻ፣ ለአንድ ልጅ አንድ፣ ከዲሴምበር 26 በኋላ በሚወጣው ቅናሽ የተገዛ እንዲሆን ነገርናቸው። የሰባት ዓመቱ ልጃችን ቅናሽ ማደኑን እንደ ጨዋታ ያዘው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ግን አኮረፈች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥያቄዋ «ድሃ ሆነናል?» የሚል ነበር። ልጆች ስጦታውን ረስተው የቤተሰቡን ፍቅር ብቻ ያስታውሳሉ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ልጄ እስከ ዛሬም ያላገኘችውን የጆሮ ማዳመጫ ታስታውሰኛለች። የረዳን የዕዳውን ደብተር እንድታይ መፍቀዳችን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ድምሩን የምትጽፈው እርሷ ናት፤ ስሳሳት ደግሞ ታርመኛለች።

ትልቁ ስሕተቴም በዚያው ገና ተፈጸመ። ለእናቴ የበዓል መዋያ 300 ዶላር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ሳላስተውል፣ በሁለተኛው ክሬዲት ካርድ ላክሁ። ባንኩ ይህንን እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጠረው፦ 15 ዶላር አገልግሎት ክፍያ ወሰደ፣ ከፍ ያለ ወለድም ከዚያው ቀን ጀምሮ አሰበበት። ነገሩን የሚያባብሰው፣ በዚያ ካርድ ላይ የምንከፍለው ዝቅተኛውን ብቻ መሆኑ ነበር፤ ሕጉ ወለዱ ለከበደው ዕዳ እንዲውል የሚያዘው ከዝቅተኛው በላይ የተከፈለውን ገንዘብ እንጂ ዝቅተኛውን ክፍያ ራሱን አይደለም። ስለዚህ ያንን 300 ዶላር ለማጥፋት ከጥር ወር ክፍያችን ላይ ቀንሰን በተጨማሪነት መክፈል ግድ ሆነብን።

ከዚያ በኋላ እናቴን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለችና «ዕዳ እያለብሽ ነው እንዴ ስትልኪልኝ የኖርሽው? ምነው ልጄ!» አለችኝ። በሦስት በዓላት 300፣ 300 ዶላር መላኩን ትተን በየወሩ 60 ዶላር በባንክ ለመላክ ተስማማን። በዓመት 180 ዶላር የቀነስኩባት መስሎኝ አፍሬ ነበር፤ እርሷ ግን ይሻለኛል አለች። አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ሳምንት ዶሮ፣ ቅቤና ሽንኩርት ምን ያህል እንደሚወደድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቴ ገንዘቡን በየወሩ ስታገኝ ቅቤውን ቀድማ ታነጥራለች፣ በርበሬውንም በደህናው ጊዜ ታዘጋጃለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር የሚያስገኘው ብር በእጅጉ ስለጨመረ እኔ ብዙ የላክሁ ይመስለኝ ነበር፤ እርሷ ግን የገበያውን ዋጋ እየጠራች አስተካከለችኝ።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ፤ ብዙዎቻችን ዕዳና ዕቁብን ጎን ለጎን ይዘን ሒሳቡን ስለማንሠራ ትንሽ እቆይበታለሁ። ዕቁባችን 20 አባላት ያሉት፣ በየሁለት ሳምንቱ 100 ዶላር የሚጣልበት ነው፤ ዕጣው 2,000 ዶላር ይሆናል። ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ዕቁብ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፤ መጨረሻ ለሚደርሰው ደግሞ ያለ ወለድ ለሌሎች ያበደረው ቁጠባ ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው መጨረሻ ቢደርሰው ብዙም አይጎዳም፤ እኛ ግን ለባንክ 27.99 በመቶ እየከፈልን ለዕቁብተኞቻችን በነጻ እናበድር ነበር። በስምንተኛው ዙር፣ በጥር ማብቂያ፣ ዕጣው የወጣለት ወንድም ገንዘቡን ለአሜሪካው በጋ (ሰመር) እንጂ ለዚያ ሰሞን እንደማይፈልገው ሲናገር ሰምተን ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት ዕጣውን በ80 ዶላር ገዛነው፤ እርሱም በቀሪዎቹ ዕጣዎች በእኛ ቦታ ገባ። የእኛ ዕጣ እስከ መጨረሻው ዙር ቢዘገይ ኖሮ በ24 ሳምንት ውስጥ በዚያ 2,000 ዶላር ላይ 258 ዶላር ገደማ ወለድ እንከፍል ነበር። በእርግጥ ቀድሞ ሊወጣልን ይችል ነበርና 80 ዶላሩ የእርግጠኝነት ዋጋ ነው። ሆኖም ዕጣ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው መጣል አለበት፤ ቢያቋርጥ የሚያፍረው ዋሱ ነው። የሥራ ገቢው የማያስተማምን ሰው ይህንን መንገድ ባይከተል እመርጣለሁ።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ገጽ የሑዳዴው ነው። የካቲት 17 ጾም ሲገባ የሳምንት የአስቤዛ ደረሰኞችን ማጠራቀም ጀመርኩ። በፍስክ ሳምንት 210 ዶላር ገደማ የምናወጣ ሲሆን ሥጋው፣ ወተቱና አይቡ ሲቀር ወደ 155 ዶላር ወረደ። ልዩነቱን በየእሑዱ በጥሬ ገንዘብ አውጥቼ «ፋሲካ» ተብሎ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጾሙ 55 ቀን ማለትም ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው በመሆኑ 440 ዶላር ጠብቄ ነበር፤ የተገኘው 418 ነው። የጎደለው የጾም አይብ፣ የጾም ሥጋ እየተባለ የሚሸጠውን ውድ ነገር በአንድ ሳምንት ሸምቼ ነው፤ ምስርና ሽሮ ከፍስኩ ይረክሳሉ፣ ፍስክን የሚመስል ጾም ግን ከፍስኩ ይበልጥ ይወደዳል። ንስሐ አባታችን ከጾም የተረፈ ነገር የድሃ ድርሻ እንዳለበት ስላሳሰቡን 30 ዶላር ለምጽዋት ለየን። ሜሪላንድ ገጠር ካለ እርሻ ለ12 ቤተሰብ በተከፈለ ቅርጫ አንድ መደብ 190 ዶላር፣ ዶሮ ወጡ 82፣ ዱቄትና መጠጥ 60፣ የልጄን ያምና ቀሚስ ማስረዘሚያ 35 ዶላር ሆነ። ሚያዝያ 12 ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ስንገድፍ በፖስታው ውስጥ 21 ዶላር ተርፎ ነበር፤ ካርዶቹ ላይ ደግሞ የቀረው ዕዳ ከ6,000 ዶላር በታች ነበር።

ቅርጫው ከገንዘቡ ሌላ ያልጠበቅሁትን ነገር አምጥቷል። ሌሎቹ የቅርጫው ተካፋዮች በብዛት የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ሥጋው ሲመደብና ዕጣ ሲጣል ልጆቻችን ዳር ቆመው ጠጠሩን ለማንሣት ተሻሙ። በግ ለብቻችን በገዛንበት ዓመት ልጆቹ መኪና ውስጥ ስልክ ይዘው ነው የዋሉት።

በሰኔ መኪናችን ተበላሽቶ 640 ዶላር ወደ ሁለተኛው ካርድ ተመለሰ። ያን ዕለት ደብተሩን መክፈት አቅቶኝ ለሦስት ሳምንት ያህል ሳልጽፍ ቆየሁ። በእርግጥ በዚያው ወር የመጀመሪያው ካርድ ዜሮ ገብቶ ነበር፤ ሰው ግን የሚያየው የጨመረውን ነው። ሐምሌ ላይ ዕቁቡ ስላለቀ በየወሩ የተለቀቀውን 217 ዶላር ጨምረን ክፍያውን 1,117 አደረስነው።

መስከረም 1 ቀን 2018 ልጄ ደብተሩ ላይ 3,190 ብላ ጻፈች። በዚያ ዕለት የሠራነው ድፎ ዳቦ፣ ዶሮና ቡና ብቻ ነው፤ ያዘዝነው ምግብ አልነበረም፤ «ቀዝቀዝ ብላችኋል» ያለችው እንግዳም መጥታ ዳቦውን ቋጥረንላት ሄዳለች። ልጆቹ በወረቀት ላይ አደይ አበባ ሥለው፣ «አበባየሁሽ» እያሉ በሕንጻው ውስጥ ያሉትን የሀበሻ ቤቶች አዳርሰው 34 ዶላር ይዘው ተመለሱ። ልጄ ከድርሻዋ ለዕዳው ልስጥ ብትል እንቢ አልኳት፤ የጆሮ ማዳመጫው ዋጋ ስንት እንደደረሰ አሁን የምትመዘግበው በደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ ነው።

እንደ ስሌታችን ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ የሚውለው ኅዳር 16፣ ጾመ ነቢያት በገባ ማግስት ነው። «ገና» ብዬ የጻፍኩበት ፖስታ ከወዲሁ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል።