መጀመሪያ ዓይናቸውን ቁጠር

ፍሎረንስ በደረስኩ ማግስት ኡፊዚ ሙዚየምን ከጠዋት እስከ ማታ ዞርኩት። አንድም ክፍል እንዳያመልጠኝ ብዬ እግሬ እስኪያብጥ። ማታ እህቴ ከባሕር ዳር ደወለች።

"እሺ፣ ምን ምን አየህ?"

"ብዙ ነገር" አልኳት። ከዚያ በላይ የምነግራት አጣሁ። ስልኬ ግን በፎቶ ተሞልቷል።

"ዘጌ ላይ አባ ያሉህን ረሳኸው እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከመሄዴ ሁለት ሳምንት በፊት አብረን ጣናን በጀልባ ተሻግረን ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄደን ነበር። በቡናው ጫካ መሃል የሚወስደውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሥዕሎቹን ግን አይቻቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ሁሌም ተሳልሜ ነው የምወጣው። የዚያን ቀን አንድ አረጋዊ አባት መቋሚያቸውን ወደ መቅደሱ ግድግዳ አንስተው፣ "አትቸኩል ልጄ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ቁጠር" አሉኝ። ጻድቃን ፊት ለፊት ነው የሚሣሉት፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ከዚያ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው ሰው በላ፣ የበላዔ ሰብ ሥዕል ጋ አቆሙን። ያቺን ጥርኝ ውኃ፣ ሚዛኑን፣ የእመቤታችንን ጥላ አንድ በአንድ ሲያስረዱን ግማሽ ሰዓት መሄዱን አላወቅንም።

በሦስተኛው ቀን ሐሳቤን ቀየርኩ። በቀን አንድ ቦታ ብቻ። ሳን ማርኮ የሚባለው የድሮ ገዳም ሄድኩ። ደረጃውን ወጥታችሁ ስትጨርሱ የፍራ አንጀሊኮ የብሥራት ሥዕል ፊት ለፊት ይቀበላችኋል። ሠዓሊው ራሱ የዚያ ማኅበር መነኩሴ ነበር። ዓይን መቁጠር ጀመርኩ። ቅዱስ ገብርኤል በጎን ነው የተሣለው! አንድ ዓይን!

ደነገጥኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ቀስ እያለ ገባኝ። እዚያ ገብርኤል የሚያየው ድንግልን ነው፤ የሚነጋገሩት ሁለቱ ናቸው፣ እኔ በር ላይ የቆምኩ እንግዳ ነኝ። ዑራ ላይ ግን ቅዱሳኑ የሚያዩት እኔን ነው። ሳልቀመጥ ባልፍ ኖሮ ይህ ልዩነት መቼም አይታየኝም ነበር። ውስጥ ባሉት የመነኮሳቱ ክፍሎች ደግሞ በየግድግዳው አንድ አንድ ሥዕል አለ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ሥዕል ጋር ሲኖር ማለት ነው። እኔ በአንድ ቀን ስንቱን ልጨርስ ነበር?

ሮም ላይ ጊዜዬ አጭር ስለነበር የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረውን ፓንቴዮንን መረጥኩ። ክብ ነው፣ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን። ስፋቱ 43 ሜትር ገደማ ነው። በእኛ መሃሉ መቅደስ ነው፣ ከካህናት በቀር ማንም አይገባበትም። እዚያ መሃሉ ባዶ ነው፤ ጣራው አናቱ ላይ ተከፍቶ ዝናብ ይገባበታል። (ለምትሄዱ፦ ጣሊያን ውስጥ ሳንቲም ያዙ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሳንቲም ካልጨመራችሁ የሥዕሉ መብራት አይበራም።)

ስመለስ ዘጌ ተሻገርኩ። የፍሎረንስ ሠዓሊዎች ርጥብ ልስን ላይ እንደሚሥሉ አይቼ ስለመጣሁ የእኛዎቹስ በምን ላይ ነው እያልኩ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ጨርቅ ነው። ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ። ጠርዙን በዓይኔ እየተከተልኩ ሳለ አባ ከኋላዬ መጡ።

"ምን ጠፋብህ ልጄ?"

"ጨርቁ የት ላይ እንደሚያልቅ እየፈለግኩ ነው፣ አባ።"

መቋሚያቸውን አነሡና ከላይ ጀመሩ።