የመምህሬ ደብተር

ዛሬ ቶሮንቶ፣ የካይሮፕራክቲክ (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ) ልምምድ ክፍላችን ውስጥ፣ ግፊት የሚለካው አልጋ ላይ ተራዬ ደረሰ። የልምምዱን አሻንጉሊት ጀርባ ገፋሁት፣ ስክሪኑ ላይ የግፊቱን ኃይል በኒውተን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ተተኮሰ። በዛ።

መምህሬ አልተቆጡም። ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። ተማሪ ከመፈተናቸው በፊት ሁሌ መጀመሪያ ራሳቸው ገፍተው ቁጥሩን በእርሳስ ይጽፋሉ፣ የሳቱትንም ጭምር፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩና ሲያጠኑ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው እኮ! ከአንዱ ቁጥር አጠገብ "ቸኩያለሁ" ብለዋል።

ወጌሻው አያቴ ትዝ አሉኝ። ጎጃም ውስጥ የስንቱን ወለምታ በቅቤ አሽተው መለሱ፤ ጣታቸው የሚያውቀውን ግን የጻፈ የለም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ልጅ እያሉ የታማሚውን እግር ይይዙላቸው ነበር።

"ጋሼ፣ እስኪ አባባ መጀመሪያ እጃቸውን የት ነበር የሚያሳርፉት?" አልኳቸው።